ከካምደን መደርደሪያ እስከ አዲስ አበባ ሬዲዮ፦ የኤችአይቪ ዘመን ድምፆች ጠባቂ ማን ነው?

ለንደን ውስጥ ከኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ በዩስተን ጎዳና ወደ ምዕራብ ጥቂት ደቂቃ የተጓዘ ሰው፣ ሰፊ ግቢ ያለው ባለ ቀይ ጡብ ሕንፃ ያገኛል። በካምደን ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሕንፃ የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ብዙዎች የሚያውቁት በመጻሕፍቱ ቢሆንም፣ ተቋሙ ከ6 ሚሊዮን በላይ የድምፅ ቅጂዎችም አሉት።

ከእነዚህ መካከል ተመራማሪዋ ዌንዲ ሪካርድ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኤችአይቪ በደማቸው ከሚገኝ ሰዎች ጋር ያደረጓቸው ረዣዥም ቃለ ምልልሶች ይገኙበታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የስብስቡን ክብደት ለመረዳት ጊዜውን ማስተዋል ይበቃል። ቫይረሱን በብቃት የሚገታው የመድኃኒቶች ጥምረት ውጤት ለዓለም በስፋት የተበሰረው በ1996 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ማይክራፎን ፊት የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ መድኃኒት እንደሚመጣ አያውቅም። የሚናገረውም ሞትን አጠገቡ አስቀምጦ ነው። ቃሉ ከተራ ቃለ ምልልስ ይልቅ ለኑዛዜ ይቀርባል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባም ተመሳሳይ ድምፆች ተሰምተዋል፤ በሬዲዮ። ኢትዮጵያውያን ቫይረሱ በደማቸው እንደሚገኝ በገዛ አንደበታቸው ለሕዝብ ተናገሩ። በሁለቱ መካከል ግን መሠረታዊ ልዩነት አለ። የካምደኑ ቅጂ የተሠራው እንዲቀመጥ ነው። የአዲስ አበባው የተሠራው እንዲሰራጭ ነው።

ይህ ልዩነት የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በብሪታኒያ የታየው ታሪክ እንደሚያመለክተው፣ የተቀመጠ ድምፅ ከዓመታት በኋላ ከትዝታ አልፎ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ያልተቀመጠው ደግሞ አልተነገረም ተብሎ ሊካድ ይችላል።

ፊት ሲደበቅ የተሰማ ድምፅ

በሚያዝያ 1987 የዌልስ ልዕልት ዳያና በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ውስጥ በብሪታኒያ የመጀመሪያ የሆነውን የኤድስ ሕሙማን ክፍል መርቀው ከፈቱ። ጓንት ሳያጠልቁ የአንድ ታማሚ እጅ ሲጨብጡ የተነሳው ፎቶ በዓለም ዙሪያ ታየ። በሽታው በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ ለማስረዳት ያ ምስል ከብዙ ስብከት የበለጠ ሠርቷል።

በፎቶው ላይ የታማሚው ፊት ግን አይታይም። ፎቶ ለመነሳት የተስማማው ከጀርባው ብቻ እንዲሆን ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት ስለ በሽታው የሚያስጠነቅቅ በራሪ ጽሑፍ በአገሪቱ ላሉ ቤቶች ሁሉ ልኮ ነበር። በፍርሃት የተሞላ ኅብረተሰብ ውስጥ መታወቅ ሥራን፣ ቤትን፣ ቤተሰብን ሊያሳጣ ይችል ነበር።

በዚህ ፍርሃት ውስጥ ቀድመው የተደራጁት ራሳቸው ተጠቂዎቹና ወዳጆቻቸው ናቸው። ቴሪ ሂጊንስ የተባለው ወጣት በሐምሌ 1982 በኤድስ ምክንያት ከሞተ በኋላ፣ ጓደኞቹ በስሙ ያቋቋሙት ድርጅት እስከ ዛሬ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ተሟጋቾች አብዛኞቹ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች ነበሩ። በ1987 በቫይረሱ የተያዙ ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1990ዎቹ ደግሞ አፍሪካውያን ስደተኞች የየራሳቸውን ድርጅቶች አቋቋሙ።

የድምፅ ቅጂ ለእነዚህ ሰዎች ፎቶ ሊሰጣቸው ያልቻለውን ዕድል ሰጠ። ፊታቸውን ሳያሳዩ፣ ካስፈለገም ስማቸውን ሳይጠቅሱ፣ የደረሰባቸውን በራሳቸው ቃል መናገር ቻሉ።

የዚህ ሥራ አስፈላጊነት ለሌሎች የታየው ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሣራ ሹልማን እንደሚናገሩት፣ በ2001 በሽታው የታወቀበት 20ኛ ዓመት ሲዘከር የሰሙት የሬዲዮ ዘገባ አሜሪካ በጊዜ ሂደት የኤድስ ታማሚዎችን እንደተቀበለች የሚያስመስል ነበር። ለለውጡ ሲሉ ጎዳና ላይ የታሰሩትና የሞቱት ተሟጋቾች በዘገባው ውስጥ አልነበሩም። ሹልማን ከፊልም ሠሪው ጂም ሀባርድ ጋር ሆነው አክት አፕ የተባለውን የኒው ዮርክ ንቅናቄ አባላት መቅረጽ ጀመሩ። ሥራው ሲጠናቀቅ 187 ቃለ ምልልሶች ተሰብስበው ነበር።

ወረቀት ሲጠፋ

የምስክርነት ቅጂ ምን ያህል ሊያገለግል እንደሚችል ከሁሉ በላይ ያሳየው በብሪታኒያ የተበከለ ደም ጉዳይ ነው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ደማቸው በቀላሉ የማይረጋ፣ ሂሞፊሊያ የተባለ የዘር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በመንግሥት የጤና አገልግሎት በኩል ከደም የተሠራ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። መድኃኒቱ ተበክሎ ስለነበር 1,250 ያህሉ በኤችአይቪ ተያዙ። ከእነዚህ መካከል 380 ገደማ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። አብዛኞቹ ሞተዋል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተወሰኑት በሕይወት ያሉ ሕሙማን የሕይወት ታሪካቸውን ቀርጸው በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ አደረጉ። በዚያን ጊዜ ጉዳያቸውን የሚያጣራ ሙሉ ሥልጣን ያለው የመንግሥት ምርመራ አልነበረም። የተናገሩት ማን እንደሚሰማቸው ሳያውቁ ነው።

ምርመራው በመጨረሻ ተካሂዶ፣ በዳኛ ሰር ብራያን ላንግስታፍ የተመራው ቡድን ውጤቱን በግንቦት 2024 ይፋ አደረገ። ጥፋቱ ሊወገድ ይችል እንደነበር፣ እውነቱም ለዓመታት እንደተሸፈነ ገለጸ። ከግኝቶቹ አንዱ ሆን ተብሎ የተደመሰሱ የመንግሥት ሰነዶች መኖራቸው ነው። የብዙ ታማሚዎች የሕክምና መዝገብም ጠፍቷል።

እንዲህ ባለ ሁኔታ የሰው ቃል የወረቀትን ቦታ ይወስዳል። መርማሪዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ተጎጂዎችንና ቤተሰቦችን ምስክርነት ተቀበሉ። መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ፤ ለካሳ የሚውል 11.8 ቢሊዮን ፓውንድም መደበ። ምስክርነቱን ሰጥተው ካሳውን ሳያዩ የሞቱ ብዙዎች ናቸው። ቃላቸው ግን አልሞተም።

መቃብር የቆጠረው፣ ሬዲዮ የተናገረው

በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳየው የመጀመሪያ ማስረጃ የተገኘው በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። አገሪቱ ብሔራዊ የኤችአይቪ ፖሊሲ ያወጣችው በ1998 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል የሞቱት ሰዎች ታሪክ አብዛኛው በዝምታ ተሸፍኖ ቀርቷል።

ዝምታው በቋንቋም ይታይ ነበር። ለቅሶ ቤት ውስጥ በሽታው በስሙ አይጠራም። "ሳንባ ነው"፣ "አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት"፣ "ያ በሽታ" ይባላል። ሰሚው ይገባዋል፤ ሆኖም አይጠይቅም።

በአገሪቱ ሞትን በሥርዓት የመመዝገብ ልማድ ስላልነበረ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች የሚፈጸሙ ቀብሮችን መመዝገብ ጀመሩ። ከዚህ መዝገብ በመነሳት የተሠሩ ጥናቶች በከተማዋ አዋቂዎችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ሁሉ ኤድስ ቀዳሚው እንደነበር አሳዩ። ነጻ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በ2005 ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የኤድስ ሞት በግማሽ ገደማ መቀነሱ ከዚያው መዝገብ ታወቀ።

መቃብሩ ሰዎቹን ቆጥሯል። ምን ሲሉ እንደሞቱ ግን አይነግረንም።

ያን የተናገሩት ሌሎች ናቸው። በ1990ዎቹ መገባደጃ መቅድም ኢትዮጵያ እና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ የተባሉ ማኅበራት ቫይረሱ በደማቸው በሚገኝ ሰዎች ተመሠረቱ። አባሎቻቸው በትምህርት ቤት፣ በእድር፣ በመሥሪያ ቤት አዳራሽ እየቆሙ ራሳቸውን ገለጡ። ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ማዕድ ለመቅረብ የሚፈራበት ዘመን ነበር። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለው ብሂል በየዘመቻው ይነገር ነበር። ባልደበቁት ዘንድ ግን መድኃኒቱ ገና አልደረሰም ነበር። አከራይ ቤቱን የሚያስለቅቃቸው፣ ዘመድ የሚርቃቸው ከመድኃኒቱ ቀድሞ ነው።

ሬዲዮ ይህን ድምፅ አገር አቀፍ አደረገው። ከ2002 እስከ 2004 የተላለፈው "የቀን ቅኝት" የተሰኘው የአማርኛ ድራማ በ257 ክፍሎች ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ አስተምሯል። በ2000ዎቹ አጋማሽ የጀመረው "ቤተኛ" ደግሞ ከልቦለድ ወጥቶ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች የሕይወታቸውን ውሎ በየሳምንቱ በራሳቸው ድምፅ የሚተርኩበት ዝግጅት ሆነ። በ952 ነጻ የስልክ መስመር የሚደውሉ ሰዎችም ስማቸውን ሳይናገሩ ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡበት መንገድ አገኙ።

ለአድማጩ "ያ በሽታ" ድምፅ ያለው፣ የሚስቅ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ የሚጨነቅ ሰው ሆነ።

ማሰራጨት ማስቀመጥ አይደለም

የሬዲዮ ጣቢያ የዕለት ተዕለት ሥራ ሰዓቱን መሙላት ነው። ዝግጅቱ ከተላለፈ በኋላ ቴፑ ሌላ ዝግጅት ተቀድቶበት እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ በመላው ዓለም የተለመደ ነበር። ቴፕ ውድ ነው፤ መደርደሪያም ይጠባል። በታላላቅ የአውሮፓ ጣቢያዎች ሳይቀር ዛሬ በቁጭት የሚፈለጉ ዝግጅቶች የጠፉት በጠላት እጅ ሳይሆን በዚህ ልማድ ነው።

የተረፈውም ቴፕ ቢሆን ጊዜ ይጠብቀዋል። የማግኔት ቴፕ በእርጥበትና በሙቀት ይጎዳል፤ ድምፁን የያዘው ንጣፍ እየላላ ይረግፋል። ማጫወቻ መሣሪያዎቹ ከምርት ወጥተዋል፤ የሚጠግኗቸው ባለሙያዎችም እያረጁ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ማኅደር ከአሥር ዓመት በፊት ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እስከ 2025 ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ ቴፕ ብዙው ለዘላለም ሊጠፋ እንደሚችል አስታውቆ ነበር። የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍትም በ2015 ተመሳሳይ ሥጋት ገልጾ፣ ኋላ ላይ ከመላው አገሪቱ የተሰበሰቡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎችን የመገልበጥ ሰፊ ዘመቻ አካሂዷል።

ዲጂታል ማድረግም የመጨረሻ መፍትሔ አይደለም። በጥቅምት 2023 በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ላይ በደረሰ የሳይበር ጥቃት የተቋሙ ሥርዓቶች ተሽመድምደው፣ በበይነ መረብ ይደመጡ የነበሩ የድምፅ ቅጂዎች ለረጅም ጊዜ ከአድማጭ ርቀዋል። ባለጸጋ አገር ያለ፣ ባለሙያ የሞላው ተቋም ይህ ከደረሰበት፣ በአንድ ቢሮ ኮምፒውተር ወይም በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ያለ ብቸኛ ቅጂ ምን ያህል ዋስትና እንዳለው መገመት አያዳግትም። የባለሙያዎች ምክር ቀላል ነው፦ ከአንድ በላይ ቅጂ፣ ከአንድ በላይ ቦታ።

በኢትዮጵያ ያለው ፈተና ከዚህም ይሰፋል። ከላይ የተጠቀሱት ዝግጅቶች በአብዛኛው የተሠሩት በውጭ ለጋሾች በሚደገፉ ፕሮጀክቶች ነው። ፕሮጀክት የሚለካው ስንት ሰው ሰማ፣ ስንት ሰው ተመረመረ በሚል ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ ማን ያደምጠዋል የሚል መለኪያ የለውም። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሠራተኛው ይበተናል፤ ካሴቱ የት እንዳለ የሚያውቀውም ሰው አብሮ ይሄዳል።

የማን ድምፅ ነው?

ይሁን እንጂ ሁሉንም ሰብስቦ ለሁሉም መክፈት ሌላ በደል ሊሆን ይችላል። በ2005 በሬዲዮ የተናገረች እናት ያኔ ሕፃን የነበረ ልጅ ይኖራት ይሆናል። ያ ልጅ ዛሬ አዋቂ ነው፤ ምናልባትም ትዳር ይዟል። የሬዲዮ ሞገድ ያልፋል፤ ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ድምፅ ግን በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ሰው ይፈለጋል። ለአንድ ምሽት ስርጭት የተሰጠ ፈቃድ ለዘላለም ፍለጋ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

የቃል ታሪክ ባለሙያዎች ለዚህ ያዳበሩት አሠራር አለ። ተናጋሪው ቃሉ እንዲቀመጥ ፈቅዶ እንዳይከፈት ሊወስን ይችላል። በሕይወት እስካለ፣ ወይም ለተወሰኑ አሥርት ዓመታት እንዲዘጋ፣ ስሙ እንዲወጣ፣ አንዱ ክፍል ብቻ እንዲቆለፍ ማድረግ ይችላል። ውሳኔው በጽሑፍ ከቅጂው ጋር አብሮ ይቀመጣል። እንዲህ ሲደረግ ምስጢርና ታሪክ አይጣሉም፤ ጊዜ ያስታርቃቸዋል።

ኢትዮጵያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አጽድቃለች። የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት የሚመደብ በመሆኑ፣ የቆዩ ቅጂዎችን የሚያሰባስብ ተቋም ሁሉ ይህን ከግምት ማስገባት ይኖርበታል።

የማን ድምፅ የሚለው ጥያቄ ሌላም ገጽታ አለው። ከብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ብዙም በማይርቁት የካምደንና የአጎራባቿ ኢዝሊንግተን ጎዳናዎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች በርከት ብለው ይታያሉ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአብዮት፣ ከጦርነትና ከእስር የሸሹ ብዙ ኢትዮጵያውያን በለንደን ኑሯቸውን መሥርተዋል። ኤችአይቪ እነሱንም አልማራቸውም።

ለእነዚህ ሰዎች ትግሉ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ ነበር። ከ2004 በኋላ በእንግሊዝ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ሰው ለኤችአይቪ ሕክምና ክፍያ ሊጠየቅ ይችል ነበር። የአፍሪካውያን የጤና ድርጅቶችና ሌሎች ተሟጋቾች ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ፣ ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ሕክምናው የመኖሪያ ሁኔታ ሳይታይ ለሁሉም ነጻ ሆነ። ዛሬ አንድ አዲስ ስደተኛ በለንደን ክሊኒክ መድኃኒቱን ሳይከፍል ሲወስድ፣ ያ መብት እንዴት እንደተገኘ ላያውቅ ይችላል።

በእንግሊዝኛ የተጠየቀ ቃለ ምልልስ እንግሊዝኛ የሚችለውን ሰው ይመርጣል። ሐኪሙን በአስተርጓሚ ያነጋግር የነበረ፣ አስተርጓሚው ደግሞ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ሆኖበት እውነቱን የሸሸገ ስደተኛ፣ ታሪኩ በአማርኛ ካልተጠየቀ በስተቀር በዚያ መደርደሪያ ላይ ቦታ አያገኝም። ይህን ሥራ ከውጭ መጥቶ የሚሠራለት የለም፤ የማኅበረሰቡ የራሱ ሥራ ነው።

ለምን አሁን?

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርጉት ሁለት ምክንያቶች ናቸው።

አንደኛው ዕድሜ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በ30ዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው አደባባይ የወጡት ዛሬ ወደ 60 እየተጠጉ ነው። የሚያስታውሱት በሕይወት አሉ፤ ለቆየ ቅጂ ፈቃድ ሊሰጡ ወይም ሊከለክሉ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ከእነሱ በኋላ ፈቃድ የሚጠየቅ ባለቤት አይኖርም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2025 የውጭ እርዳታን ካገደ በኋላ፣ በዚያ ድጋፍ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5 ሺህ የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ማዘዙ ተዘግቦ ነበር። በአገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቫይረሱ ጋር ይኖራሉ፤ በየዕለቱ መድኃኒታቸውን ማግኘት አለባቸው። በጀት ሲጠብ "ይህ በሽታ አልፏል" የሚል አስተሳሰብ በቀላሉ ይሰርጻል።

የቆዩት ድምፆች ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ዛሬ 20 ዓመት የሞላው ወጣት የተወለደው ነጻ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ነው። መድኃኒት ያልነበረበትን ዘመን፣ በአንድ ግቢ በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት ለቅሶ የሚቀመጥበትን ጊዜ አያውቅም። አኃዝ ይህን ሊያስረዳው አይችልም። ስለ ነገ መድኃኒቷ ዋስትና የሌላት የዚያን ዘመን ሴት በራሷ ድምፅ ስትናገር ቢሰማ ግን ይገባዋል።

በካምደን ስቶር ጎዳና ላይ ለኤድስ ሰለባዎች የመታሰቢያ ሐውልት ለማቆም ታቅዷል። ቦታው ልዕልት ዳያና ያን እጅ ከጨበጡበት ሆስፒታል ስፍራ ብዙም አይርቅም። ሐውልቱ መንገደኛውን ያስቆመዋል፤ የሞቱት ምን ይሉ እንደነበር መስማት የፈለገ ግን ዩስተን ጎዳና ድረስ ተራምዶ መጠየቅ ይችላል።

በአዲስ አበባ ያንን ለማድረግ ከየት መጀመር እንደሚቻል ግልጽ ነው። ጣቢያዎች በመጋዘናቸው ያለውን ቆጥረው ይመዝግቡ፤ ማኅበራት የቀድሞ አባሎቻቸውን ፈልገው ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት የሚዘጋውን በአደራ ዘግቶ፣ የሚከፈተውን ከፍቶ ይያዝ። ቤቱ ውስጥ ያረጀ ካሴት ያለውም ሰው፣ ከመጣሉ በፊት የማን ድምፅ እንደሆነ በላዩ ላይ ይጻፍበት።